ራጁ ምን ይላል?

እናቴ የራጅ ፊልም የምትይዘው እንደ ታጠበ ነጠላ ነው፤ በሁለት እጇ፣ ጫፍና ጫፉን። አሶሳ ያለው የቤታችን መስኮት ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሚያይ ጠዋት ላይ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ደግፋ ታቆመዋለች፤ የአጎቴ ልጅ ደግሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ አዲስ አበባ፣ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ የታናሽ ወንድሜን ክንድ አያለሁ። ከትከሻው ዝቅ ብሎ አጥንቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ቦታ አለ፤ እንቁላል ይመስላል። ከመስኮቱ ውጪ የጎረቤት የማንጎ ዛፍ ስላለ ቅጠሉ ከአጥንቱ ጋር ይደባለቃል። ጥግ ላይ የእናቴ አውራ ጣት አለ።

ከዚያ ስልኩ ይጠራል። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ራጁ ምን ይላል?» ትለኛለች።

ዶክተር አይደለሁም። ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። ግን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት የመጀመሪያው ልጅ እኔ ስለሆንኩ ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፦ የባንክ መልእክት፣ የመብራት ክፍያ፣ የወንድሜ አጥንት። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠኋት። «እየጠበበ ነው እማ፤ አብሽሪ» አልኳት። ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ መልስ ነው።

*

ነገሩ የጀመረው በግንቦት 2014 ነው፤ ማንጎ በሚበስልበት ወር። አሶሳን ለማታውቁ፣ በግንቦት እዚያ ማንጎ ያለበትን ግቢ ከመቁጠር የሌለበትን መቁጠር ይቀላል። ልጆች ግን የራሳቸውን ግቢ ማንጎ ትተው የጎረቤቱን በድንጋይ ያወርዳሉ። ማሙሽ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። (አሁን አሥራ ሁለት ሞልቶታል፤ ግን የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ እኛ ቤት ማሙሽ እንደሆነ ይቀራል።) ድንጋይ አነሳ፣ ወረወረ፣ ጮኸ። አልወደቀም፤ ማንም አልመታውም። ድንጋዩን ሲለቅ ክንዱ ተሰበረ። በቃ።

የእኛ ቤተሰብ ከ1977ቱ ድርቅ ጋር በተያያዘው ሰፈራ ከወሎ ተነስተው በአሶሳ ዙሪያ ቁጥር ወደተሰጣቸው አምባዎች ከመጡት ነው። አያቶቼ ብዙ ነገር ትተው ሲመጡ ወጌሻ ማመናቸውን ግን ይዘውት መጡ። ስለዚህ እናቴ ልጁን አቅፋ መጀመሪያ የሄደችው አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ጋ ነው። እሳቸው ክንዱን ከመንካታቸው በፊት ምን ሲያደርግ እንደተሰበረ ጠየቁ። ድንጋይ ሲወረውር አለቻቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ድንጋይ መወርወር ጤነኛ ክንድ አይሰብርም ልጄ። ውስጡ ሌላ ነገር አለ። እኔ አልነካውም፤ ራጅ ይነሳ» አሏት።

ስለ ወጌሻ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ተጠፍሮ ታስሮ፣ ደም አጥቶ፣ በመጨረሻ ስለተቆረጠ እጅ ነው። ውሸት አይደለም፤ የአጥንት ሐኪሞች የሚያዩት ነገር ነው። እኚህ ሰው የዚያን ቀን ያደረጉት ግን፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ የሕክምና ተማሪ የሚማረውን ነው፦ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ስብራቱ ትልቅ ከሆነ አጥንቱን ራሱን ጠርጥር።

ራጁ ተነሳ። አጥንቱ የተሰበረው ልክ በጥቁሩ እንቁላል መሀል ላይ ነበር። ሐኪሙ ለእናቴ «ሲስት ነው» አሏት። እናቴ የሰማችው «እጢ» የሚለውን ነው። ስትደውልልኝ «ማሙሽን እጢ ይዞታል» አለችኝና ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው።

*

እጢ የሚለው ቃል እኛ አገር ካንሰርንም፣ ከቆዳ ሥር ያለች እብጠትንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ስለዚህ መጀመሪያ ልለያየው። ማሙሽ የነበረበት ቀላል የአጥንት ሲስት የሚባለው ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሰራጭም። አጥንት ውስጥ የተፈጠረ፣ ፈሳሽ የሞላበት ክፍት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርቾ በ1876 እ.ኤ.አ. ጽፎለታል፤ ግን ለምን እንደሚፈጠር እስካሁን ሁሉንም የሚያስማማ መልስ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ልጆችና ታዳጊዎች ላይ፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ልጆች ላይ፣ በላይኛው ክንድ ወይም በጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ነው። አያምም። ልጁ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ማንም አያውቅም። ፈሳሹ ባለበት ቦታ የአጥንቱ ቅርፊት እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ድንጋይ ይወረውራል።

አሶሳ ያሉት ሐኪም «ስብራቱ ይገጥማል፤ ቀዳዳው ግን አብሮ ላይደፈን ይችላል» ብለው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉ። ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ ከረመ፤ ስብራቱም እንዳሉት ገጠመ። በመስከረም 2015 እናቴና ማሙሽ በአውሮፕላን መጡ። ለእናቴ የመጀመሪያዋ በረራ ነበር። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምት ነው የሚያልፈው። በዚያን ጊዜ የወለጋን መንገድ ዝም ብሎ የሚሄድበት ሰው አልነበረም።

ድሮ እንዲህ ያለውን ሲስት ለማከም አጥንቱን ከፍቶ፣ ፍቆ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አጥንት መሙላት የተለመደ ነበር። ከዚያ በ1979 እ.ኤ.አ. ስካሊዬቲ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሳይከፍቱ በመርፌ ስቴሮይድ መስጠት እንደሚሠራ አሳተመ። ማሙሽም የተደረገለት እሱ ነው። ተኛ፤ ሲ-አርም በሚባለው፣ እያንቀሳቀሱ ስክሪን ላይ በሚያዩበት የራጅ መሣሪያ እየተመሩ መርፌ አስገቡ። የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ወጣ። ራጅ ላይ የሚታይ ቀለም ረጭተው ክፍሉ አንድ ወጥ መሆኑን አዩ። መድኃኒቱን ሰጡ። ማታ ላይ የእኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማካሮኒ እየበላ ነበር። ክንዱ ላይ የቀረው ሁለት የመርፌ ነጥብ ብቻ ነው።

ያከሙት ሐኪም ሲያሰናብቱን ያሉትን ያኔ እንደ ጥሩ ንግግር ነበር የሰማሁት። «መርፌው ግማሽ ሰዓት ነው። ሕክምናው ግን ሁለት ዓመት ነው፤ እሱ ደግሞ በራጅ ነው። በየሦስት ወሩ ይነሳ። እንዳትቀሩብኝ፤ ስትመጡም የድሮዎቹን ፊልሞች በሙሉ ይዛችሁ ኑ።»

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ለመረዳት ቀላሉ መንገድ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነው። 90 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ ስቴሮይድ፣ ለግማሾቹ ከራሳቸው የተወሰደ መቅኔ በመርፌ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በስቴሮይዱ የዳኑት 42 በመቶ፣ በመቅኔው የዳኑት 23 በመቶ ሆኑ። ማለትም በተሻለው እንኳ ከግማሽ በላዩ አልዳነም። መርፌ መወጋት መዳን አይደለም፤ የዳነውን ካልዳነው የሚለየው ከዚያ በኋላ የሚነሳው ራጅ ብቻ ነው። ደግሞም አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ ስለማያም ልጁን «ያምሃል?» ብሎ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም።

*

ታኅሣሥ መጣ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ሞላ። የምዕራብ ወለጋ ዜና የሚያስፈራ ነበር። አውሮፕላን ደግሞ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ የእኔን ደመወዝ በላ። «ራጁን እዚያው አሶሳ ያንሱት፤ እኔ አየዋለሁ» አልኩ። ይሄ ራሱ ስህተት አልነበረም። ሐኪሙም ራጁ አሶሳ ቢነሳ ችግር እንደሌለው ነግረውናል። ስህተቱ «እኔ አየዋለሁ» የሚለው ነው።

ልጁ ተነሳ፤ ፊልሙ መስኮቱ ላይ ቆመ፤ ፎቶው መጣ። እኔም እንደ መሐንዲስ አሰብኩ። በስልክ የተነሳ ፎቶ መጠን የለውም፤ ስልኩ ከቀረበ ትልቅ ይሆናል፣ ከራቀ ትንሽ። ስለዚህ የአጎቴን ልጅ «አንድ ብር ሳንቲም ፊልሙ ላይ በፕላስተር ለጥፍና ድገመው» አልኩት። የመስከረሙንም እኔ ጋ ስለነበር ልክ እንደዚያው አነሳሁት። ሳንቲሙ መጠኑ የታወቀ ነው፤ ከሱ ተነስቼ አንድ ፒክስል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አወቅሁ። ፎቶው የተንጋደደበትን የሚያቃና ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። የጥቁሩን ቦታ ዳር በማውዝ ዞርኩትና ስፋቱን አሰላሁ።

ከመስከረም ወደ ታኅሣሥ 15 በመቶ ቀንሷል።

ምን አለፋችሁ፣ ቻርት ሠራሁለት። ሁለት ነጥብና ወደ ታች የሚወርድ መስመር፤ አረንጓዴ። (ሁለት ነጥብ ይዞ መስመር የሚያሰምር ሰው ሥራ ቦታ ቢያጋጥመኝ እስቅበታለሁ።) ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁት። አክስቶቼ በየተራ «አልሐምዱሊላህ» ጻፉ። እናቴም ደወለች፤ «እየጠበበ ነው እማ፤ አብሽሪ» አልኳት። ቀጥዬም ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩ፦ «ለዚህኛው ቀጠሮ እንኳ መምጣት አያስፈልጋችሁም። በሚቀጥለው ትመጣላችሁ።»

በየካቲት ማሙሽ የውሃ ጀሪካን ሲያነሳ ክንዱ ድጋሚ ተሰበረ።

*

በዚያ ሳምንት አባቴ ራሱ ይዞት መጣ። ሐኪሙ የመስከረሙን፣ የታኅሣሡንና የየካቲቱን ፊልም መብራት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀሉ። እኔ ቻርቴን ስልኬ ላይ ከፍቼ ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ምናልባት ተከላካይ ጠበቃ ሆኖ እንዲቆምልኝ ይሆናል።

አዩት። አልሳቁም። «ሳንቲሙ ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ግን ሳንቲሙ ያለው ፊልሙ ላይ ነው። አጥንቱ ያለው የት ነው?»

ይሄን ጥያቄ እኔ ራሴ በልጅነቴ መልሼዋለሁ። አሶሳ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል፤ ልጆች ግድግዳው ላይ በእጃችን ጥላ ውሻና ወፍ እንሠራለን። እጅህን ወደ ግድግዳው ስታስጠጋ ጥላው የእጅህን ያህል ነው። ወደ ኩራዙ ስታስጠጋ ውሻው ጅብ ያክላል። እጅህ ግን ያው እጅህ ነው።

ራጅም ጥላ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ጨረር በአካል ውስጥ አልፎ ፊልም ላይ የሚጥለው ጥላ። ቃሉ ራሱ ጨረሮች ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። የጨረሩ ምንጭ ከፊልሙ አንድ ሜትር ይርቃል እንበል። ክንዱ ከፊልሙ 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ለምሳሌ ልጁ ቆሞ፣ አሞት እጁን ወደ ፊት ይዞ ከሆነ፣ ጥላው በርዝመት 11 በመቶ ይበልጣል፤ በስፋት ደግሞ 23 በመቶ ገደማ። አልጋ ላይ ተንጋሎ ክንዱ ከፊልሙ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ በስፋት የሚጨምረው 4 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን እንደዚያ፣ ሁለተኛውን እንደዚህ ካነሳኸው፣ ሲስቱ ቅንጣት ታህል ሳይለወጥ ጥላው 16 በመቶ ያህል ጠብቦ ይታያል።

የመስከረሙ ራጅ ቆሞ የተነሳ ነበር። የታኅሣሡ ተኝቶ።

እኔ የስልኩን ስህተት በሳንቲም አርሜ፣ የጥላውን ስህተት አጽድቄ አሳለፍኩት። ይሄ ብቻም አይደለም። ክንዱ በሁለቱ ፊልሞች ላይ እኩል አልዞረም፤ እንቁላልን ከጎንና ከጫፉ ስታየው ቅርጹ እንደሚለያየው ሁሉ ሲስቱም ሲዞር ጠብቦ ሊታይ ይችላል። ዲጂታል ራጅ ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ የግራጫ ደረጃዎች አሉት፤ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ሲላክ የሚተርፈው ቢበዛ 256 ነው። ስልኩ ደግሞ ፎቶውን «ለማሳመር» ዳር ዳሩን ያጎላል። እኔ «አዲስ አጥንት እየሞላ ነው» ብዬ የተደሰትኩበት ነጣ ያለ ቦታ የመስኮቱ ብርሃን ነበር። ያ ባይሆን ደግሞ የማንጎ ቅጠል።

ሐኪሙ ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡ። ሲስቱን ለኩ፤ ከዚያ በዚያው ፊልም ላይ ትንሽ ዝቅ ብለው ጤነኛውን የአጥንት ግንድ ለኩ። ሲስቱን በአጥንቱ አካፈሉ። «ጥላው ቢተልቅ ሁለቱም አብረው ይተልቃሉ። ልጁን በልጁ ለካው፤ በብር አትለካው።»

እንዲህ ያለው አለካክ ስም አለው፤ የሲስት ኢንዴክስ ይባላል። ኬሊንና ማክዩወን በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው፦ የሲስቱን ስፋት ለአጥንቱ ግንድ ወርድ ስኩዌር ማካፈል። በላይኛው ክንድ ውጤቱ ከ4 ካለፈ የመሰበር ስጋቱ ከፍ ይላል አሉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ መሆን እንደማይችል አሳይተዋል፤ ለኪው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራልና። ሐሳቡ ግን ለእኔ ለመሐንዲሱ የሚያሳፍር ቀላል ነው፤ አሃድ የሌለው ሬሾ። የአንደኛ ዓመት ትምህርት።

በዚያ ስሌት ሲስቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አልተነቃነቀም። በውጭ በኩል ያለው ቅርፊት ደግሞ በታኅሣሡ ፊልም ላይ ወረቀት አክሎ ነበር። ሐኪሙ በእስክሪብቷቸው ጫፍ አሳዩኝ። ያኔ አይተውት ቢሆን ክንዱን ለሥራ እንዳንሰጥ ይነግሩንና መርፌውን ይደግሙት ነበር። ይሄን የተናገሩት ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ማሙሽ ግን ዞረ፤ «አንተ እኮ ጠቧል ብለሃል» አለኝ። እንደ ክስ አይደለም፤ የሆነ ሰው ተሳስቶ እንደሆነ ለማጣራት ያህል ነው።

*

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ፤ ሒሳቡን ሳይሆን ራሴን። የሒሳቡ ስህተት በአንድ ጥያቄ ይታረም ነበር። «ልጁ ቆሞ ነው የተነሳው ተኝቶ?» ብዬ መጠየቅ ነው። ያልጠየቅሁት ስለማላውቅ ብቻ አይደለም። 15 በመቶ ጨምሯል የሚል ውጤት ቢመጣልኝ ኖሮ እስኪነጋ ድረስ ባጉን ስፈልግ አድር ነበር። ቀንሷል ስላለኝ ላፕቶፑን ዘጋሁ።

ከላይ በጠቀስኩት የ2008 ጥናት ላይ ራጆቹን ያነበበው ባለሙያ የትኛው ሕመምተኛ የትኛውን መድኃኒት እንደወሰደ እንዳያውቅ ተደርጎ ነበር። ስለማይታመን አይደለም፤ ሰው የሚፈልገውን ስለሚያይ ነው። በማሙሽ ጉዳይ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ነኝ፤ ትኬቱን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

ከዚያው ጥናት ሌላም ቁጥር አልረሳም። ከ90ዎቹ ውስጥ የሁለት ዓመት ውጤታቸው የተገኘው የ77ቱ ነው። በገንዘብና በባለሙያ በተደገፈ ጥናት ላይ እንኳ 13ቱ ጎደሉ። እንግዲህ ከአሶሳ፣ ከባምባሲ፣ ከኩርሙክ ተነስቶ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ መምጣት ያለበትን ልጅ አስቡት። መርፌውማ አንድ ቀን ነው፤ ላም ተሸጦም፣ ዕቁብ ወጥቶም ይመጣል። የሚያስቸግረው የማያም ክንድ ይዞ፣ ከተማ አቋርጦ፣ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ለመባል አራት አምስት ጊዜ መመላለስ ነው። ብዙዎች የሚቀሩት ግዴለሽ ስለሆኑ አይመስለኝም። እኛን ያስቀረን የራሴ ቻርት ነበር።

እናም አማርኛችን ራሱ አያግዝም። «ዳነ?» ብለን ነው የምንጠይቀው፤ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ቻርልስ ኒር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1960ዎቹ የጀመረውና ሌሎች ያሻሻሉት አመዳደብ ግን አራት መልስ አለው፦ ዳነ፤ ጉድለት ይዞ ዳነ፤ እንዳለ አለ፤ ድኖ ተመለሰ። አራተኛው ነው ሁለት ዓመት የሚያስጠብቀው። አንድ ፊልም ብቻውን «ድኖ ተመለሰ» ሊል አይችልም። ያን ለማለት ትናንት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ የድሮዎቹን ፊልሞች በሙሉ ያሉት ለዚህ ነው።

*

ስብራቱ እንደገና ከገጠመ በኋላ በግንቦት 2015 ሁለተኛው መርፌ ተሰጠ። እኔ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ ፕሮግራመር፣ አፕ ልሠራ ተነሳሁ። ራጁን የሚያቃና፣ የሚለካ፣ የሚያነጻጽር። ስሙን ሁሉ አውጥቼለት ነበር። ለሐኪሙ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰምተውኝ «አሶሳ ላለው የራጅ ባለሙያ አንድ ወረቀት ጻፍለት» አሉኝ።

ወረቀቱ ይኸው ነው፤ ያለን ቴክኖሎጂ በሙሉ። ሁልጊዜ ተኝቶ ይነሳ። ክንዱ ፊልሙን ይንካ። አንዱ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ አንዱ ከጎን። ትከሻውም ክርኑም ይታይ። ርቀቱ አንድ ሜትር ይሁን። ቀኑና ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ፊልሙ ላይ ይጻፍ። ባለሙያው አንብቦ «ይሄማ ድሮም መደረግ ያለበት ነው» አለና ከማሙሽ ካርድ ጋር በስቴፕለር አያያዘው። ምስሉ በሲዲ ከተሰጠ ዋናው ፋይል ይላካል፤ ፊልም ብቻ ከሆነ ደግሞ ማታ፣ ነጭ ስክሪን ላይ ተደግፎ ይነሳና ቴሌግራም እንዳይጨምቀው በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላካል። እኔ ጋ ሲደርስ አልለካውም። ወደ ሐኪሙ አሳልፈዋለሁ። ጨረሩን ለምትፈሩ፣ የአንድ ክንድ ራጅ ጨረር ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረር ያንሳል። በየስድስት ወሩ ደግሞ፣ ምንም ቢመጣ፣ ልጁ ራሱ ፊልሞቹን ይዞ ይመጣል።

ፊልሞቹ እናቴ ፍራሽ ሥር በትልቅ ፌስታል ውስጥ ናቸው፤ እንዳይጣጠፉም፣ የአሶሳ ሙቀት እንዳይጠቀልላቸውም። አሥራ አንድ ደርሰዋል። በቅደም ተከተል ቢታዩ እንዲህ ነው፦ ጥቁሩ ቦታ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይነጣል፤ ቅርፊቱ ይወፍራል፤ ከዚያ ውስጡ በደመና ይሸፈናል። ማሙሽም እያደገ ነው፤ አጥንቱ ከትከሻው በኩል ስለሚረዝም የቀረው ጥቁር ነጥብ ከእድገት መስመሩ እየራቀ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው ይላሉ። ባለፈው ሚያዝያ ሁለተኛው መርፌ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፉት «ጉድለት ይዞ ዳነ» የሚለውን ነው። የባቄላ ፍሬ የምታክል ጥቁር ቀርታለች። ከዓመት በኋላ ትታያለች።

በግንቦት ለዓመት ፈቃድ አሶሳ ሄድኩ። አንድ ጠዋት እናቴ ፌስታሉን አወጣች። አዲሱን ፊልም መስኮቱ ላይ አቆመችው፤ «ምን ይላል?» ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ሌላ ፈለገች። የዛሬ ዓመቱን አወጣችና ከጎኑ አቆመችው። ቀኖቹን አነበበች፤ ክርኑ በሁለቱም ላይ እንዳለ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ራሷ ታይ ጀመር።

ውጪ ማሙሽ ከሰፈር ልጆች ጋር የጎረቤቱን ማንጎ እያወረደ ነበር። መወርወር ተፈቅዶለታል። እሱ ግን ከቀርከሃ የሠራት ረጅም ዘንግ አለችው፤ ጫፏ ላይ ሽቦ ያሰረባት። በሷ ነው የሚያወርደው።